ቤትን በጊዜ ማሰናዳት
ስለ ኑዛዜና ስለ እርጅና ዘመን ዝግጅት ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

በቋንቋችን «ኑዛዜ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይገልጻል። አንደኛው ኃጢአተኛ በካህን ፊት ቀርቦ በደሉን የሚናገርበት የንስሐ ኑዛዜ ነው። ሁለተኛው ሰው ስለ ንብረቱ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ቀብሩ ከሞቱ በኋላ እንዲፈጸም የሚወደውን ትቶት የሚሄድ ቃል ነው። የሁለቱም ሥር «ናዘዘ» የተሰኘው የግእዝ ግስ ሲሆን ትርጉሙ «አጽናና» ማለት ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። በቀድሞው ልማድ የታመመ ሰው የነፍስ አባቱን ያስጠራል፤ በመጀመሪያ ለብቻው ኃጢአቱን ይናዘዛል፤ ከዚያም ሽማግሌዎች ገብተው በተቀመጡበት ዕዳውን፣ አደራውንና ለማን ምን እንደሚተው ይናገራል። በአንዱ ከእግዚአብሔር ጋር ይታረቃል፤ በሌላው ከሰው ጋር ያለውን ሒሳብ ይዘጋል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የሚደነግጉ ክፍሎች ያሉት ስለዚህ ነው።

ዛሬ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል። ለንስሐ የሚተጋ ምእመን እንኳ ሁለተኛውን ኑዛዜ ሲያዘገይ፣ ብዙውን ጊዜም ሳያደርገው ሲያልፍ እናያለን። ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው። አንዳንዱ ስለ ኑዛዜ መናገር ሟርት ይመስለዋል፤ ልጆች ጉዳዩን ቢያነሡም «ሞቴን ትመኛላችሁን?» ብሎ ይቆጣል። ሌላው «ሀብታም አይደለሁም፣ ምን አለኝና?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ልጆቼ ይዋደዳሉ፤ እነርሱ ያውቃሉ» በማለት ነገሩን ለእነርሱ ይተወዋል።

ነገር ግን በየቁምስናው የምናገለግል ካህናት የምናየው ሌላ ነው። በቀብር ዕለት ተቃቅፈው ያለቀሱ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ተዝካሩ ሳይደርስ በፍርድ ቤት ደጃፍ ተለያይተው ይቆማሉ። ወደ አንድ መንበረ ታቦት የሚቀርቡ ሰዎች ሰላምታ ይነፋፈጋሉ። ከዚህ ጠብ ብዙው የሚነሣው ከስስት ሳይሆን ሟቹ ሳይገልጸው ከሄደ ነገር ነው። ከሁሉም በላይ የሚጎዱት ደግሞ በሟቹ ጥላ ሥር የነበሩት ደካሞች ናቸው፤ ያረጀች ሚስት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ፣ ለብዙ ዘመን ያገለገለች የቤት ሠራተኛ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልናስገነዝብ የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ በጤና ሳሉ ቤትን ማሰናዳት ሞትን መጥራት ሳይሆን ለሚቀሩት የሚደረግ የፍትሕና የፍቅር ሥራ ነው።

1. ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምረናል?

አባታችን አብርሃም ሣራ በሞተች ጊዜ የመቃብሩን ቦታ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ገዛ። ግዢውንም በከተማይቱ በር፣ ሕዝብ እየሰማ ፈጸመ (ዘፍ. 23)። ኤፍሮን ቦታውን በነጻ እንደሚሰጠው ቢናገርም አብርሃም ዋጋውን መዝኖ ከፈለ፤ ለነገ ጥርጥር የሚተው ነገር አልፈለገም። ወደ ሕይወቱ ፍጻሜም ሲቃረብ ርስቱን ለይስሐቅ ሰጠ፤ ለሌሎቹ ልጆቹ ግን ገና በሕይወት ሳለ ስጦታቸውን ለይቶ ሰጥቶ አሰናበታቸው (ዘፍ. 25፡5-6)። የእምነት አባት የተባለው ሰው የቤቱን ነገር ለዕድል አልተወም።

ጦቢትም መሞቻው የደረሰ በመሰለው ጊዜ ልጁን ጦብያን ጠርቶ አስቀድሞ ስለ ቀብሩ፣ ቀጥሎም እናቱን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ እንዲያከብራት ነገረው፤ ለድሆች ምጽዋት እንዲሰጥም መከረው። በመጨረሻ በሜዶን አገር በገባኤል ዘንድ በአደራ ስላስቀመጠው 10 መክሊት ብር አስታወቀው (ጦቢት 4)። የነገሩን ቅደም ተከተል ልብ እንበል። ብሩ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሆኖም አልተረሳም። መልካም ኑዛዜ ይህን ይመስላል።

የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ታሪክም እጅግ ይጠቅመናል። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይተው ስለ ሞተ ርስቱ ለሌላ ሊያልፍ ሲል በሙሴ ፊት ቀርበው አቤት አሉ፤ እግዚአብሔርም ጥያቄያቸው ትክክል መሆኑን ፈረደላቸው (ዘኁ. 27፡1-11)። «ሴት ልጅ ወደ ሌላ ቤት ትሄዳለች» እየተባለ ሴቶች ልጆች ከአባታቸው ቤት ባዶ እጃቸውን እንዲወጡ በሚደረግበት ቦታ ሁሉ ይህ ምዕራፍ ሊነበብ ይገባል።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግን ከወንድሙ ጋር ውርስ እንዲያካፍለው አንድ ሰው በለመነው ጊዜ በመካከላቸው አካፋይ ለመሆን አልፈቀደም። ከዚያ ይልቅ ጎተራውን ሊያሰፋ ሲያስብ በዚያች ሌሊት ነፍሱን ስለ ተጠየቀው ባለጠጋ ምሳሌ ነገራቸው (ሉቃ. 12፡13-21)። በዚህም ውርስ የሚበላሸው አስቀድሞ በልብ ውስጥ መሆኑን አስተማረን። ያው ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ በጭንቁ መካከል እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር ዐደራ ሰጠ (ዮሐ. 19፡26-27)። የሚተወው ቤትና መሬት አልነበረውም፤ ነገር ግን የምትቀረው እናቱ ማን ዘንድ እንደምትኖር ሳይናገር አላለፈም። «ምን አለኝና ልናዘዝ?» ለሚል ክርስቲያን ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

2. ኑዛዜ ከሌለ ምን ይሆናል?

የአገራችን የውርስ ሕግ የሚገኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። ሰው ሳይናዘዝ ሲሞት ወራሾቹን የሚወስነው ይህ ሕግ ነው። ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች እያንዳንዱ የቤተሰብ ኃላፊ ሊያውቃቸው ይገባል።

በመጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ሕጉ በወንድና በሴት፣ በታላቅና በታናሽ፣ በጋብቻ በተወለደና ከጋብቻ ውጭ በተወለደ መካከል ልዩነት አያደርግም። የጉዲፈቻ ልጅም እንደ ተወላጅ ይቆጠራል። ከወላጁ ቀድሞ የሞተ ልጅ ቢኖር የእርሱ ልጆች በእርሱ ቦታ ተተክተው ይወርሳሉ። ሟቹ ተወላጅ ከሌለው ውርሱ ወደ አባቱና ወደ እናቱ ይሄዳል፤ እነርሱ ከሌሉ በእነርሱ ቦታ የሟቹ ወንድሞችና እኅቶች ይተካሉ።

በዚህ ተራ ውስጥ ባል ወይም ሚስት አለመጠራታቸውን ልብ እንበል። ብዙ ምእመናን የማያውቁት፣ ሲያውቁትም የሚደነግጡበት ይህ ነው። በሕጋችን ያለ ኑዛዜ ባል የሚስቱ፣ ሚስትም የባሏ ወራሽ አይሆኑም። እርግጥ ነው፣ የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ዘመን የተገኘውን ንብረት የጋራ አድርጎ ስለሚቆጥር ከሁለቱ በሕይወት የሚቀረው የጋራውን ንብረት እኩሌታ ይወስዳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ይደነግጋል፤ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ይህ ግን የገዛ ድርሻን መውሰድ እንጂ ውርስ አይደለም። ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይም በውርስና በስጦታ የተገኘ የግል ንብረት በዚህ ክፍያ ውስጥ አይገባም።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገለጽ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ባልና ሚስት 30 ዓመት አብረው ኖሩ እንበል፤ ልጅ አልወለዱም። የሚኖሩበትን ቤት ባልየው የሠራው ከጋብቻው በፊት ነበርና የግሉ ነው። ሳይናዘዝ ቢሞት ቤቱ ለወላጆቹ፣ እነርሱ ከሌሉም ለወንድሞቹና ለእኅቶቹ ያልፋል። አልጋው አጠገብ ሆና ያስታመመችው ሚስት በዚያ ቤት መብት የላትም። ቤቱን በጋራ ሠርተውት ቢሆን እኩሌታው የእርሷ ይሆናል፤ ሆኖም የሌላው እኩሌታ ወራሾች እንካፈል ካሉና ቤቱ የማይከፈል ከሆነ ተሽጦ ገንዘቡን ለመከፋፈል ትገደድ ይሆናል። በእርጅናዋ ዘመን የምትጠለልበትን ጣሪያ የምታጣው ክፉ ሰው ስለ ተነሣባት ብቻ አይደለም፤ የሚወዳት ባሏ አንዲት ወረቀት ሳይጽፍ ስለ ሄደ ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ባል በኑዛዜው የድርሻውን በሙሉ ወይም በከፊል ለሚስቱ ሊተውላት ይችላል። ወይም ባለቤትነቱን ለልጆቹ ትቶ ሚስቱ እስከ ሕይወቷ ፍጻሜ በቤቱ እንድትኖርና በኪራዩ እንድትጠቀም የአላባ መብት ሊሰጣት ይችላል። ሚስትም ለባሏ እንዲሁ። በምሥጢረ ተክሊል ሁለቱ አንድ ሥጋ ሆነዋል ብለን የምናምን እኛ ክርስቲያኖች ይህን ጉዳይ ችላ ብንለው እምነታችን በቃል ብቻ የቀረ ይሆናል።

3. ኑዛዜ እንዴት ይደረጋል?

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል።

ሀ) በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ። ይህን ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል። ኑዛዜው በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ሊነበብ ይገባል። መነበቡና የተደረገበት ቀን በጽሑፉ ላይ መገለጽ አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያኖራሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የአዋዋይ ሹም ከሆነ 2 ምስክሮች ይበቃሉ። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ምእመናን የሚስማማው ይህ ዓይነቱ ነው።

ለ) በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ። ይህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተናዛዡ በራሱ እጅ የሚጻፍ ነው። ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ መነገር፣ ቀን ሊኖረውና መፈረም አለበት። ምስክር አያስፈልገውም። ነገር ግን ከተጻፈ በኋላ በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በአዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። በሣጥን ሥር ተደብቆ የሚቆይ ኑዛዜ የሚያስከትለው አደጋ ይህ ነው።

ሐ) በቃል የሚደረግ ኑዛዜ። ሞቱ እንደ ቀረበ የተሰማው ሰው በ2 ምስክሮች ፊት የሚናገረው ነው። በዚህ ሊወሰን የሚችለው ግን ጥቂት ነው፤ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች ጥበቃና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ነው። ሰውየው ከሕመሙ ቢድንና 3 ወር ቢያልፍ ቃሉ ዋጋ የለውም። ስለዚህ «በመጨረሻዋ ሰዓት እናገራለሁ» የሚል ሰው ቤቱን በዚያ ቃል ማስተላለፍ እንደማይችል ይወቅ። የቀድሞው ልማድ የሽማግሌዎችን ቃል ያከብር ነበር፤ የዛሬው ዳኛ ግን ሕጉን ይጠይቃል።

ኑዛዜዎች የሚፈርሱት አብዛኛውን ጊዜ በጥቃቅን ጉድለቶች ነው። ስለዚህ ቀጥለን የምንዘረዝራቸውን እንጠንቀቅ።

— ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ በአንድነት አይናዘዙ። ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉትን ኑዛዜ ሕጉ አይቀበልም። እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ይጻፉ።
— ኑዛዜው በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡን የሚገልጽ ቃል በጽሑፉ ውስጥ አይቅር። ቀኑም አይረሳ።
— ስጦታ ወይም ውርስ የሚያገኝ ሰው ምስክር አይሁን፤ ጸሐፊም ባይሆን ይመረጣል።
— ማንም የራሱ ያልሆነውን አይናዘዝ። ባል የሚስቱን እኩሌታ፣ ሚስትም የባሏን እኩሌታ ልትናዘዝበት አትችልም።
— ልጅን ከውርስ መንቀል ከባድ ነገር ነው። ሕጉም በግልጽ እንዲነገርና ምክንያቱ እንዲጻፍ ይጠይቃል። ክርስቲያን ወላጅ በቁጣ ቀን ይህን ከመጻፍ ይጠበቅ፤ አስቀድሞ ሽማግሌ ይላክ፣ ጸሎትም ይደረግ።
— ልጅ ሲወለድ፣ ንብረት ሲሸጥ ወይም ሲጨመር ኑዛዜው እንደገና ይታይ። ኑዛዜ ሰውየው በሕይወት እስካለ ድረስ ሊሻርና ሊለወጥ ይችላል።

ስለ ገጠር መሬት አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። ይህም የሚተላለፈው በፌዴራልና በክልል የገጠር መሬት ሕጎች መሠረት ስለሆነ፣ ተናዛዡ አስቀድሞ የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። የከተማ ሰው ደግሞ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ወይም በአካባቢው ፍርድ ቤት መመሪያ ያገኛል። ጉዳዩ የተወሳሰበ በሚሆንበት ጊዜ ለጠበቃ የሚከፈለው ገንዘብ በኋላ ለክርክር ከሚወጣው እጅግ ያነሰ ነው።

4. በሕይወት ሳሉ ለእርጅና መዘጋጀት

ወደ እርጅና የተቃረበ ሰው «ልጄ ይጡረኝ» ብሎ ቤቱን በስጦታ አስተላልፎ ባዶ እጁን ሊቀር ይፈተናል። የሲራክ ልጅ በዚህ ረገድ የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው (ሲራክ 33)። ሰው እስትንፋሱ እስካለች ድረስ ልጅም ሆነ ሚስት፣ ወንድምም ሆነ ወዳጅ በራሱ ላይ እንዲሠለጥን አያድርግ፤ ንብረቱንም ቀድሞ ሰጥቶ በኋላ የልጆቹን እጅ የሚመለከት አይሁን፤ ርስቱን የሚያከፋፍለው በዕድሜው ፍጻሜ ይሁን ይላል። ይህ ልጆችን አለማመን አይደለም። ልጅ መልካም ሆኖ ሳለ ሊሞት፣ ሊከስር ወይም ሊሰደድ ይችላል። ኑዛዜ የተሰጠው ነገር እስከ ሞት ድረስ በባለቤቱ እጅ ይቆያል፤ ፈርመው ያስረከቡት ስጦታ ግን በቀላሉ አይመለስም።

በሌላ ወገን ልጆች የአራተኛው ትእዛዝ ግዴታ አለባቸው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2218 እንደሚያስተምረው፣ ያደጉ ልጆች ወላጆቻቸውን በእርጅና፣ በሕመም፣ በብቸኝነትና በችግር ዘመን በሚችሉት ሁሉ ሊረዷቸው ይገባል። የሲራክ ልጅም አባት አእምሮው ቢደክም እንኳ ልጁ እንዲታገሠው ያሳስባል (ሲራክ 3)። ይህ ግዴታ ከውርስ በፊት የነበረ ነው፤ ውርስ የማይጠብቅ ልጅም አለበት። በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ገንዘብ መላካቸው የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም አረጋዊው መድኃኒቱን የሚያቀብለውና የሚያነጋግረው ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ወላጃቸው በሕይወት ሳለ ተቀምጠው ማን ገንዘቡን፣ ማን ጊዜውን እንደሚሰጥ ይስማሙ። የአስታማሚዋ ልጅ ድካምም በሁሉ ዘንድ ይታወቅላት።

የሚከተሉትን ተግባሮች ደግሞ በ60 ዓመት አካባቢ ያለ ምእመን ሁሉ ቢፈጽማቸው ይጠቀማል።

በመጀመሪያ፣ ሰነዶቹን በአንድ ቦታ ያሰባስብ፤ የቤት ካርታ ወይም የይዞታ ደብተር፣ የባንክ ደብተር፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጡረታ መታወቂያ፣ የዕድር ደብተር። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በመካሄድ ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻም ቢሆን በመንግሥት መዝገብ ቢመዘገብ፣ መበለቲቱ ሚስት መሆኗን ለማስረዳት ከመንከራተት ትድናለች።

ሁለተኛ፣ ዕዳውንና ያበደረውን ይጻፍ። ሰው ሲሞት ከንብረቱ በቅድሚያ የሚወጣው የቀብሩ ወጪ ነው፤ ከዚያም የውርስ ማጣሪያ ወጪና ዕዳው ይከፈላል፤ ስጦታዎች የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ያልተጻፈ ዕዳ ወራሾችን ያጋጫል፤ የአበዳሪውንም መብት ይጎዳል። የቤት ሠራተኛ ያልተከፈለ ደመወዝ ካላት ይህ ዕዳ እንጂ ምጽዋት አይደለም።

ሦስተኛ፣ የጡረታ መብቱን ይወቅ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኞችም በጡረታ ሕግ ተሸፍነዋል። በሞት ምክንያት ለሚስት፣ ለባል ወይም ለዘመድ የሚከፈል ጡረታ የውርሱ ክፍል አይደለም፤ ስለዚህ በኑዛዜ ለሌላ ሊሰጥ አይችልም።

አራተኛ፣ በውክልና አይታመን። በመርሕ ደረጃ ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል። «ለልጄ ውክልና ሰጥቻለሁ» ማለት ኑዛዜን አይተካም።

5. ለቤተ ክርስቲያንና ለድሆች ስለሚተው ስጦታ

ለነፍስ መታሰቢያ፣ ለቁምስና፣ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ ወይም ለድሆች መተው የቆየና የተቀደሰ ልማድ ነው። ነገር ግን ሥርዓት አለው። ጌታችን ለእግዚአብሔር የተለየ ስጦታ ነው እያሉ አባትና እናታቸውን ከመርዳት የሚሸሹትን ገሥጿቸዋል (ማር. 7፡9-13)። ስለዚህ በቅድሚያ ዕዳ ይከፈል፤ ቀጥሎ ሚስት ወይም ባል፣ ልጆችና የሚጦሩ ወላጆች ይታሰቡ፤ ከዚያ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ። መበለትን ከቤቷ አስወጥቶ የሚገኝ ስጦታ ለመሠዊያው ክብር አይሆንም።

ምስጋና ይግባውና ቤተ ክርስቲያን ራሷም በዚህ ጉዳይ ጥንቃቄን አዝዛለች። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖናም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና፣ ለቤተ ክርስቲያን በኑዛዜ የሚተው ነገር በተቻለ መጠን የአገሩን ሕግ ሥርዓት እንዲከተል ያዛሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በሕመም ዘመን የሥጋ ሕክምና፣ የመንፈስ አገልግሎት ወይም የሕግ እርዳታ ላደረገለት ባዕድ ሰው ተናዛዡ የሚተወውን ስጦታ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ወይም ሊያፈርሰው እንደሚችል ይደነግጋል። በዚህ ልንከፋ አይገባንም፤ የታመመውን ከማናቸውም ጫና ይጠብቃልና። ስለዚህ እኛ ካህናት የምእመናንን ኑዛዜ ከመጻፍ ብንቆጠብ፣ ለግላችንም ምንም ባንቀበል የተሻለ ነው። ለቤተ ክርስቲያን መስጠት የሚወድ ምእመን ተቀባዩን አካል፣ ማለትም ሀገረ ስብከቱን ወይም ቁምስናውን፣ በሙሉ ስሙ ይጥቀስ፤ ለምን ሥራ እንደሚውልም ይግለጽ።

6. የነፍስ ዝግጅት

ንብረቱን አሰናድቶ ነፍሱን የዘነጋ ሰው እንደዚያ ባለጠጋ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ ኑዛዜዎች እንደ ቀድሞው ይገናኙ። ኑዛዜውን በሚጽፍበት ሳምንት ምእመኑ ወደ ምሥጢረ ንስሐ ይቅረብ፤ የተቀየመውንም ይጥራ። ይቅርታ ያልተደረገለት ወንድም ስሙ በውርስ ወረቀት ላይ ቢጻፍ ብቻ አይፈወስም።

ስለ ምሥጢረ ቀንዲልም እናሳስባለን። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ (ቁጥር 73) ይህ ምሥጢር በሞት አፋፍ ላይ ላሉት ብቻ የሚሰጥ አለመሆኑን አስተምሯል። በሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት የሞት አደጋ የሚጀምርበት ጊዜ ለመቀበል ተገቢ ጊዜ ነው። ድካማቸው የበረታባቸው አረጋውያንና ከከባድ ቀዶ ሕክምና በፊት ያሉ ሕሙማን ሊቀበሉት ይችላሉ፤ ሕመሙም ቢጸና ሊደገም ይችላል። «በሽተኛው ይደነግጣል» ብለው ካህን የሚጠሩት ራሱን ከሳተ በኋላ የሆኑ ቤተሰቦች ትልቅ መጽናናትን ይነፍጉታል።

ስለ ሕክምናም ቤተሰብ አስቀድሞ ይነጋገር። ሕይወትን ሆን ብሎ ማሳጠር ፈጽሞ አይፈቀድም። ነገር ግን ከሚጠበቀው ጥቅም ጋር የማይመጣጠን፣ ከባድና አድካሚ ሕክምናን መተው እንደሚፈቀድ፣ የተለመደው እንክብካቤ ግን ሊቋረጥ እንደማይገባ ትምህርተ ክርስቶስ ያስረዳል (ቁጥር 2278-2279)። ቤቱን ሁሉ በዕዳ ከማስገባት በፊት ታማሚው ራሱ ፈቃዱን ቢናገር ልጆቹን ከጸጸት ያድናቸዋል።

ቀብሩንና ተዝካሩን በተመለከተ ምእመኑ የሚወደውን ይጻፍ። ለሙታን መጸለይ ቅዱስ ሐሳብ መሆኑን ከመጽሐፈ መቃብያን እንማራለን (2መቃ. 12)። ለድግስ ተበድሮ መበለትን ለዕዳ መዳረግ ግን ለሟቹ ነፍስ አንዳች አይጠቅምም። «መሥዋዕተ ቅዳሴ ይቀደስልኝ፤ ለድሆች ይህን ያህል ይሰጥልኝ፤ ድግስ አይደረግ» የሚል የሟች ቃል ቤተሰቡን ከይሉኝታ ነጻ ያወጣዋል። ሕያዋን ሊሽሩት የሚከብዳቸውን ልማድ ሟች በቃሉ ሊያቀልላቸው ይችላል።

ማጠቃለያ

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ79 ዓመት ዕድሜያቸው፣ ለአረጋውያን መልእክት በጻፉ ጊዜ የተናገሩት እንደ አንድ አረጋዊ ሆነው ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስም እ.ኤ.አ. በ2021 የአያቶችና የአረጋውያን ዓለም አቀፍ ቀን በሐምሌ ወር እንዲከበር መሥርተዋል። በየቁምስናው ይህ ቀን ሲከበር ከዝማሬውና ከስጦታው ጋር ስለ ኑዛዜ የሚያስረዳ የሕግ ባለሙያ ቢጋበዝ መልካም ነው። በዕድሮቻችንና በማኅበሮቻችንም ይህ ትምህርት ቢሰጥ ብዙ ቤት ይድናል።

ክቡራን ምእመናን፣ ኑዛዜ የጻፈ ሰው በዚያ ምክንያት ቀድሞ አይሞትም፤ ያልጻፈም ዕድሜው አይረዝምም። ልዩነቱ የሚታየው በሚቀሩት ላይ ነው። የመልካም ሞት ጠባቂ የሆነው ቅዱስ ዮሴፍ፣ በጸጥታ ቤተሰቡን የጠበቀ ጻድቅ፣ ቤታችንን በጊዜ እንድናሰናዳ ይለምንልን።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የውይይት ጥያቄዎች

1. «ኑዛዜ» የሚለው ቃል ያሉት ሁለት ትርጉሞች በምን ይገናኛሉ?
2. ጦቢት ለልጁ የነገራቸውን ነገሮች በቅደም ተከተላቸው ዘርዝሩ። እኛ ብንሆን የትኛውን አስቀድመን እንናገር ነበር?
3. በሕጋችን ሚስት ያለ ኑዛዜ የባሏ ወራሽ አለመሆኗን በአካባቢያችን ስንቶች ያውቃሉ? ለማሳወቅስ ምን እናድርግ?
4. በአካባቢያችን ሴቶች ልጆች ከውርስ የሚገለሉበት ልማድ አለን? ዘኁልቍ 27ን አንብባችሁ ተወያዩ።
5. የቀብርና የተዝካር ወጪን ለመቀነስ ዕድራችን ምን ሊወስን ይችላል?